መርዶ በመረብ ቤት

ጋሽ ጀማነህን ያገኘኋቸው የኮለምበስ አየር ማረፊያ ወለል ላይ ተንበርክከው ሻንጣቸውን ሲበረብሩ ነው። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት፣ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። እኔ ከዳላስ የምትመጣ የወንድሜን ልጅ ልቀበል ሄጄ፣ በዝናብ ምክንያት ፍላይቷ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል ሲሉኝ ቡና ፍለጋ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ከሻንጣ ሚዛኑ አጠገብ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ጠይም ሰውዬ በአንድ እጃቸው ሽሮ በሌላው በርበሬ ይዘው እንደ ዳኛ ያመዛዝናሉ።

ቀና ብለው አዩኝ። «የኔ እህት፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?»

«ነኝ፤ ምን ልርዳዎት?»

«እስቲ ፍረጂ። አራት ፓውንድ ኦቨር ነው አሉኝ። ሽሮው ይቅር ወይስ በርበሬው?»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«አላስካ።»

«እንግዲያማ ሁለቱም አይቀሩም» አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከልብሱ ስር እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡናማ የጎማ ቦቲ አለ። «ይሄን ለምን አያጠልቁትም? በእግርዎ ያለውን ማን ይመዝናል?»

«አየሽ፣ ሴት ልጅ ስትጠፋ ነው የምንጃጃለው» አሉና እዚያው ቦቲውን አጠለቁ፤ ያወለቁትን ቀላል ጫማ ሻንጣ ውስጥ ወሸቁት። ሚዛኑ አሁንም አልረካም። ከታች በጥንቃቄ የታጠፈ ጋቢ አየሁና «እዚያ ብርድ ልብስ አይሰጡም እንዴ?» አልኩ።

«ይሰጣሉ። ጋቢው ግን አይቀርም።» አውጥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሻንጣው አለፈ።

እንዲያ ሆነው፣ የጎማ ቦቲ አጥልቀው፣ ጋቢ ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ እሳቸው ግን በቤታቸው ሳሎን የተቀመጡ ይመስላሉ። እንዲያውም አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ «ጄይ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?» ብላ ቦቲውን እያየች ሳቀችባቸው። በዚህ አየር ማረፊያ ዳር ካለ አንድ የግል ፓርኪንግ እስከ ተርሚናሉ ሻትል እየነዱ ስምንት ዓመት ሰው አመላልሰዋል። ጥበቃውም ጽዳቱም በዚሁ «ጄይ» በሚል ስም ያውቃቸዋል።

ቡናዬን ከፍቼ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። «ጴንጤ ነሽ» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ለአንድ ስኒ ቡና የሚጸልይ እናንተው ናችሁ። እኛ ለቡና ብናማትብ ቀኑን ሙሉ ስናማትብ እንውል ነበር።»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ መንገዱን አገኘ። እኔ ሰው ሲያወራ መስማት ነፍሴ ነው፤ እሳቸውም የሚሰማቸው ካገኙ የሚቆጥቡ ሰው አይደሉም።

የተወለዱት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ስለነበሩ እሳቸውም ከፊደል በፊት የተማሩት የተቀደደ መረብ መጠገን ነው። በዲቪ ኮለምበስ ገቡ፤ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራዩ፤ ሻትል ነዱ፤ ሐዊ የምትባል ልጃቸውን አሳደጉ። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሁለት ሺህ ሃያ በኮቪዱ ሰሞን ፓርኪንጉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሜዳ ሆነና ሌይኦፍ አደረጓቸው። ካናል ዊንቸስተር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ጀመሩ።

«እዚያ ነው ህብረትን ያገኘኋት» አሉኝ። «ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳጥን ስታሽግ ቴፑ አንድ ጊዜ ጮኸ ማለት አለቀ ማለት ነው፤ እጇ እንዲያ ነው። አንድ ቀን በምሳ ብሬክ ስልኳን አሳየችኝ። አላስካ፣ የዓሣ ፋብሪካ፣ መኝታና ምግብ በነፃ። ‹ጋሼ፣ አንተ የዓሣ አገር ሰው ነህ፤ እንሂድ› አለችኝ።»

«እርስዎም እሺ አሉ?»

«እኔማ በልቤ ጀልባ ላይ ወጥቼ ነበር። የሚቀጥረው ሰውዬ በስልክ ‹ዓሣ ታውቃለህ ወይ› ሲለኝ ‹እንዴታ፣ የዝዋይን ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ አሳምሬ አውቃለሁ› አልኩት። ዝም አለ። ይጻፈው ይሳቅ እስካሁን አላውቅም።» ልጃቸው ሐዊ ነገሩን ስትሰማ ያለችው «ዳድ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ብቻ ነው።

ህብረት ኮለምበስ ውስጥ ያላት ዘመድ አክስቷ እትዬ ሙሉወርቅ ናቸው፤ የጋሽ ጀማነህ ቤተ ክርስቲያን አባል። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አሰላ ውስጥ ያሳደጓት አባቷ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። በየእሑዱ ትደውልላቸዋለች። የዓሣው ሥራ ሲያልቅ፣ መስከረም ላይ ልታያቸው ቲኬት ቆርጣለች። እትዬ ሙሉወርቅ ጋሽ ጀማነህን ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠብቀው እጃቸውን ይዘው «ልጄን አደራ» አሏቸው። እሳቸውም «አደራ አለብኝ» አሉ።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ ሄዱ። ሲያትል ሆቴል ውስጥ ለኮቪዱ አሥራ አራት ቀን ተዘግተው፣ ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ብሪስቶል ቤይ የሚባለው አገር፣ ናክኔክ የምትባል የወንዝ ዳር መንደር ደረሱ። ከመንደሯ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ መንገድ የለም። ዛፉ አጭር ነው፤ ነፋሱ ረጅም ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀዩ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ ይጎርፋል። ያ ስድስት ሳምንት የዓመቱ ሥራ ነው፤ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ይቆማሉ።

«ጀልባውስ?» አልኳቸው።

«ምን ጀልባ! ባሕሩን በመስኮት ነው ያየሁት። ማሽኑ ጭንቅላቱን ይቆርጣል፤ እኛ በግራና በቀኝ ቆመን ሆድ ዕቃውን እንጠርጋለን። ዝናብ ልብስ ለብሰሽ፣ ቢላ ይዘሽ፣ ውኃው በረዶ ነው። ህብረት ፊት ለፊቴ ነበር የምትቆመው። በመካከላችን ዓሣ ያልፋል፤ እኛ ጩኸቱን አሸንፈን በአማርኛ እንሰዳደባለን። ደስ ይል ነበር እኮ።»

እዚህ ላይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ጾመ ሐዋርያት በገባበት ሰኞ፣ የህብረት አባት አሰላ ውስጥ አረፉ። ሦስት ቀን ታመው ነው፤ ለልጃቸው አልተነገራትም ነበር። እትዬ ሙሉወርቅ በዋትሳፕ ለጋሽ ጀማነህ ደወሉ። ‹ወንድሜ፣ እንዳትነግራት። ማንም የላትም እዚያ። ስትመለስ እኛ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን። እኔ አባትሽ ትንሽ አሟቸው ጸበል ገብተዋል፣ ኔትወርክ የለም ብዬ እነግራታለሁ።›

«ልክ ናቸው አልኩ» አሉኝ። «አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? መርዶ ወገን በሌለበት አይነገርም። እሺ አልኩ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ምክንያቱን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። የራሳቸውን አባት ሞት የሰሙት እዚሁ አየር ማረፊያ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ሻትሉን ሙሉ ሰው ይዘው ሲነዱ አንድ ከአገር ቤት የደወለ ዘመድ፣ ሰምተዋል ብሎ፣ ‹እግዜር ያጥናህ› አላቸው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ከኋላ አሥራ አንድ መንገደኛ አለ። ሁሉንም በየአየር መንገዱ በር አወረዱ፤ ሻንጣቸውን አንድ በአንድ አውጥተው ሰጡ፤ ‹መልካም ጉዞ› አሉ።

«አንዷ አሮጊት ‹አለርጂ አለብህ እንዴ› ብላ ሶፍት ሰጠችኝ» አሉ። «ስለዚህ ህብረትን እንዲያ እንዲያገኛት አልፈልግም ነበር። ዝም አልኩ።»

ግን ያላሰቡት ነገር መጣ። ህብረት አባቷ ጸበል መግባታቸውን ስትሰማ ተሳለች። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃም ሳትቀምስ ልትጾም። በዚያ ቅዝቃዜ፣ ቢላ ይዛ፣ ቆማ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለእነሱ የሻይ እረፍት ነው፤ ሩብ ሰዓት። የሚቀርበው ቅቤና ወተት ያለበት ብስኩት ስለሆነ አንድ ፖም ትበላና ትመለሳለች። እራት ላይ ደግሞ ድንችና ሩዝ።

«እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ። ጉንጯ ሲገባ አያለሁ። ‹አባዬ ዘንድሮ ይድናል ጋሼ፣ ልቤ ነግሮኛል› ትለኛለች። እኔም ‹አሜን› እላለሁ። ዓሣው ያልፋል።»

«አሜን ማለቱ ከበድ አይልም?»

«ከዓሣው ሁሉ ይከብዳል።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ህብረት ዓይኗ ጨለመባትና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። ቢላው ሁለት ጓንት ቀዶ ቆዳዋ ላይ ቆመ። አለቃው ‹ካልበላች ወደ ቤቷ እሰዳታለሁ› አለ። ጋሽ ጀማነህ ለእትዬ ሙሉወርቅ ደወሉ። ‹ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ከዚያ ትበላለች፤ ቻል አድርገው› አሏቸው። ያን ቀን ማታ ህብረትን ጠየቋት። ‹የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ትፈቺያለሽ አይደል?›

‹አልፈታም› አለች። ‹የአባዬን ድምፅ እስክሰማ አልፈታም።›

ጋሽ ጀማነህ ይህን ሲነግሩኝ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ነበር የሚያዩት። «አየሽ የሠራነውን? እኛ እናሳርፋት ብለን የነገርናት ውሸት ነው ልጅቷን የሚያስርባት። የሞተ ሰው እንዲድን ትጾማለች። ድምፁን የምትሰማበት ቀን ደግሞ የለም።»

ሊነግሯት ቆረጡ። ግን እንዴት? መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም። ሰው ያስፈልጋል፤ ቤት ያስፈልጋል። እዚያ ያሉት ሐበሾች እሳቸውና እሷ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ኖርማ ዘንድ ነው። ኖርማ የህብረት የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነች፤ ፊሊፒናዊት፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት በየዓሣው ወቅት የምትመጣ፣ የቀረውን ጊዜ ሲያትል አጠገብ ታኮማ የምትኖር። ነገሩን ሲያስረዷት ‹ለምን ዝም ብለህ አትነግራትም?› አለቻቸው። ‹ሰው መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?› ጋሽ ጀማነህ በእንግሊዝኛቸው ብዙ ታገሉ። በመጨረሻ ‹ስትወድቅ የሚይዛት እጅ እንዲበዛ› አሏት። ኖርማ አሰበችና ‹በእኛም አገር ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ ሰው አይጠፋም› ብላ ተነሣች። ሁለት ፊሊፒኖዎችና አንድ ሰርቢያዊ ይዛ መጣች። ሰርቢያዊው ህብረት አጠገብ የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የማያስገባው ልጅ ነው። ‹እኔ ምን ልበላት?› ሲላቸው ‹ምንም። ብቻ አትሣቅ፣ ስልክህንም አትይ› አሉት።

ቤት ቀረ። መኝታ ቤቱ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ በሚተኛ ሰው ተሞልቷል። አለቃው ቢሮውን እንዲሰጣቸው ቢጠይቁት እሺ አላለም። የመረብ ቤቱን የሰጠቻቸው ኤልሲ ናት። ኤልሲ የዚያው አገር ተወላጅ ናት፤ ሰባ ሊሞላት ምንም ያልቀራት፣ የጀልባዎቹን መረብ የምታስጠግን ሴት። ከጣሪያ እስከ ወለል መረብ የተንጠለጠለበት፣ ሰፊ የእንጨት ቤት ነው። ‹ለስንት ሰዓት?› አለች። ‹አላውቅም› አሉ። ‹እሺ› አለችና ወንበር መደርደር ጀመረች።

«ማለዳ እንንገራት ተባባልን። መርዶ ጎህ ሲቀድ አይደል? ግን በሐምሌ እዚያ አገር ጎህ መቼ እንደሚቀድ ማን ያውቃል! ፀሐይዋ እንደ ባለጌ እንግዳ አትሄድም። ብቻ በሰዓታችን አሥራ አንድ ተኩል አልነው። ሐምሌ አንድ ቀን፣ ሐሙስ።»

ኖርማ ህብረትን ቀስቅሳ አመጣቻት። ህብረት በሩን ከፍታ ስትገባ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ አንድም የሚስቅ የለም። ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ‹ፖዘቲቭ ሆንኩ እንዴ?› አለች። ‹ኳራንቲን ልታስገቡኝ ነው? እኔ እኮ አላስነጠስኩም።›

ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ጋሽ ጀማነህ ላይ አረፈ። ጋቢያቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለብሰዋል።

«ጋቢውን ስታይ ገባት። መናገር አላስፈለገኝም። ‹አባዬ ነው?› አለች። አዎን አልኳት። ‹አባትሽ ደከመ፤ አረፈ፤ እርምሽን አውጪ ልጄ› አልኳት።»

ያ ረጅም ሰርቢያዊ ነው የያዛት። ኖርማ በአንድ በኩል፣ ሁለቱ ፊሊፒኖዎች በሌላ በኩል። አለቀሰች። እሳቸው ደረታቸውን መቱ፤ የአባቷን ስም እየጠሩ፣ ልብስ ሰፊነታቸውን፣ እናትም አባትም ሆነው ማሳደጋቸውን እያነሡ ሙሾ አወጡላት። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም አለቀሰ። ኤልሲ አላለቀሰችም። አንድ ቃል ሳትናገር ህብረት እግር ስር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም።

ረገብ ስትል ህብረት ቀና ብላ ‹መቼ?› አለች።

‹ሰኔ አሥራ አራት።›

በጣቷ ቆጠረች። ‹ታዲያ እኔ ለማን ነው የጾምኩት?›

ከላይ ድምፅ ማጉያው የቺካጎን ፍላይት ጠራ።

«ምን ብዬ ልመልስላት?» አሉኝ ጋሽ ጀማነህ። «ለነፍሱ ይሆነዋል ማለት እችል ነበር። ቄስ ቢሆን ይል ነበር። እኔ ግን አሥራ ሰባት ቀን ፊት ለፊቷ ቆሜ አሜን ያልኩ ሰው ነኝ። አፌ እንቢ አለ። እሷ ‹ጋሼ፣ በየቀኑ እኮ ታየኝ ነበር› አለችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች።»

ኖርማ ዝንጅብል ብቻ የገባበት የሩዝ ሾርባ ሠርታ ነበር፤ ጾም መሆኑን ታውቃለች፣ ዶሮ አላስገባችም። በማንኪያ አጎረሰቻት። ህብረት በጠዋት በላች። ከሁለት ሳምንት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቁርስ ነው።

ያን ቀን እስከ ቀትር ተቀመጡ። አለቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ኤልሲን አይቶ ተመለሰ። ጋሽ ጀማነህ ህብረት ፊቷን ስላዞረችባቸው ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀደደ መረብ ተንጠልጥሏል፤ መርፌውም ክሩም እዚያው ነው። መቼ እንደጀመሩት አያውቁም። ልብ ሲሉ አንድ ክንድ ያህል ቀዳዳ ደፍነዋል። ኤልሲ መጥታ ቋጠሮውን በጥፍሯ ሞከረችው። ‹ይሄ የእኛ ቋጠሮ አይደለም› አለች። አፍረው ሊፈቱት ሲሉ እጃቸውን ያዘች። ‹ይይዛል፤ ተወው።›

ህብረት ሥራውን ጨረሰች፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቆማ ሠራች፤ ምግቧንም በላች። ግን ቦታ ቀይራ ከኖርማ ጎን ቆመች። ከጋሽ ጀማነህ ጋር ‹እንደምን አደሩ› ብቻ ሆነ። እስከዚያን ቀን ‹አንተ› ነበር የምትላቸው፤ አንቱታው እንደ ብርድ ነካቸው። በአውሮፕላኑም ተራርቀው ተቀመጡ።

ኮለምበስ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሌላ ነበር። ሴቶቹ እትዬ ሙሉወርቅ ቤት ተሰብስበው መርዶውን ሊናገሩ ሲሉ ህብረት ‹ሰምቻለሁ› አለች። ‹ማን ነገረሽ?› ‹ጋሽ ጀማነህ።› ‹ማን አብሮ ነበር?› የፊሊፒኖና የሰርቢያ ስም ቆጠረች። እትዬ ሙሉወርቅ ራሳቸውን ያዙ። ‹የወንድሜን መርዶ ለባዕድ አስወርቶ!› አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ጀማነህን አግኝተው፣ ሰው እየሰማ፣ ‹አደራ በላ› አሏቸው።

«ስድብ ችያለሁ፤ ሻትል ነጂ ነበርኩ» አሉኝ። «የከበደኝ ሌላ ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ፣ ሳጥን ሳሽግም፣ ስተኛም፣ አንዲት ነገር ነው የምታብሰለስለኝ። ለእሷ ብዬ ነው የነገርኳት ወይስ ሸክሙ ለእኔ ከብዶኝ? ኖርማ ስትጠይቀኝ ‹የሚይዛት እጅ እንዲበዛ› አልኩ። እውነት ግን የእኔ እጅ ስለዛለ ቢሆንስ? ይሄን የሚነግረኝ ሰው አንድ ነው፤ እሷ ናት። እሷ ደግሞ አትደውልም። መጋዘኑንም ለቃ ጋሃና የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ገብታለች አሉኝ። እኔም አልደወልኩም። ተበድያለሁ የሚል ይደውላል፤ በድዬ ይሆን የሚል በምን አፉ ይደውላል?»

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«እስከ ፌብሩዋሪ።»

በፌብሩዋሪ፣ በረዶ በጣለበት ቀን፣ ስልካቸው ጠራ። ህብረት ናት። ሰላምታም የለ።

‹ጋሼ፣ የኖርማ እናት ሞቱ። ፌስቡክ ላይ አየሁት።›

‹ነፍስ ይማር› አሉ።

‹ማን ነገራት? ማን አጠገቧ ነበር?›

ጋሽ ጀማነህ አያውቁም። ህብረት ግን ጠይቃ ደርሳበታለች፤ ኖርማ፣ ወንድሟ ከማኒላ ቴክስት አድርጎላት፣ ገበያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ነው ያነበበችው። ‹ብቻዋን ጋሼ፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ› አለች ህብረት። ‹ነገ ታኮማ እሄዳለሁ። ከሥራ ሦስት ቀን ጠይቄያለሁ። ብቻ ምን እንደሚደረግ ንገረኝ። ምን ይዤ ልሂድ?›

«‹አንተ› አለችኝ፤ ሰማሽ? ‹ንገረኝ›።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ መርዶው አምልጦናል፣ ሰምታለች። ‹ሄደሽ ተቀመጪ፣ ሌላ ምንም የለውም› አልኳት። ‹ሩዝ ቀቅዪላት፣ ዝንጅብል ጨምሪበት።› ስልኩ ውስጥ እየሳቀች ታለቅሳለች። ይቅርታም አላለችኝ፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እሷ ለኖርማ ያንን ከፈለገችላት፣ ለእሷም ጠቅሟት ነበር ማለት ነው። ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ። በሚቀጥለው ቀን ለሥራ አረፈድኩ እንዲያውም።»

«አሁንስ እንዴት ናችሁ?»

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ሺፍት ስላለባት ቶሎ ሄደች። ሻንጣውን ከመኪና አውርዳ ‹ይሄ ይከብዳል› ብላኝ ነበር፤ መች ሰማኋት።»

«እትዬ ሙሉወርቅስ?»

«እሳቸው ገና ናቸው። ለፋሲካ ጨበጡኝ፤ ግን እንደ ትኩስ ድስት ቶሎ ለቀቁኝ።»

አሁን የሚሄዱት ለስድስት ሳምንት አይደለም። ኤልሲ ደብዳቤ ጽፋላቸዋለች፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት። መረቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አያልቅም፤ በበረዶው ወራት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሠራ አለ። የጥግ መኝታ ክፍል ሰጥታቸዋለች። ኖርዝላንድ ያለውን አፓርታማ አስረክበዋል። ሐዊ ሲንሲናቲ ትምህርት ላይ ናት፤ አሁንም ‹ዳድ› ብላ ትጀምራለች፣ ግን አትጨርሰውም።

እኔ ከሰው ተለይቼ መኖር የማልችል ስለሆንኩ ይሁን፣ «ጋሼ፣ ብቸኝነቱስ? ሐበሻ በሌለበት፣ በዚያ ብርድ?» አልኳቸው።

«እዚህ ስታመም ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይመጣል፣ ምግብ ይዞ፣ ሐሜት ይዞ። እዚያ ግን ምን እንደሚባል ሳያውቁ ለእኛ ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች አሉኝ። አማርኛ አያውቁም። ግን መቀመጥ ያውቃሉ።» ከዚያ ነገሩ የከበደ መሰላቸውና ቦቲያቸውን አንኳኩተው «ደግሞ ዘንድሮ ባሕሩን በመስኮት አላይም። ኤልሲ በጀልባ ላወጣህ ብላለች፤ አንድ ቀን» አሉ።

የእሳቸው ሰዓት ደረሰ። የእኔዋም ልጅ «ላንድ አድርጌያለሁ» ብላ ቴክስት አደረገች። ተነሥተን እስከ ፍተሻው ሰልፍ ሸኘኋቸው። ቦቲውን እንደሚያስወልቋቸው ስነግራቸው «ያውልቁኝ፤ ካልሲዬ አዲስ ነው» አሉ። ስልኬን ጠየቁኝ፤ ቁጥሬን ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ጻፉት።

ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ገጩኝና ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሰው ካሳለፉ በኋላ ግን ዞር አሉና በሰው መካከል እንዲህ አሉኝ፦

«ለደህና ወሬ እደውልልሻለሁ። ክፉ ከሆነ ግን አልደውልም፤ እመጣለሁ። ስለዚህ ሳልደውል በርሽ ላይ ካየሽኝ ቶሎ አትክፈቺ፤ መጀመሪያ ቁርስሽን ብዪ።»